የተዝካር ማር

አክስቴን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ ጧሪያቸው መጀመሪያ ያሳየኝ እሳቸውን አልነበረም። ማሩን ነበር።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ታች ጋይንት ውስጥ ነው። እኔ ያን ጊዜ ስማዳ ተድሬ ልጆች ወልጃለሁ። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ ስላልቆየች ያሳደጉኝ ታላቅ እህቷ ናቸው። ጡት ብቻ ነው ያልሰጡኝ። ስታመም አዝለውኝ ያድሩ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ሰው «ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ሲላቸው «መልክአ ማርያም ታንብብልኝ» ብለው ለቄስ ሰጡኝ። ይህን የምጽፈው በዚያ ፊደል ነው።

አክስቴ የወለዷቸው ልጆች ሁሉ በሕፃንነታቸው አልፈዋል። ባላቸው ሲሞቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ እኔንም ቀድመው ድረውኝ ነበር። በእኛ አገር ልጅ የሌለው ሰው ሲያረጅ ጧሪ ይይዛል። ጧሪ መሬቱን ተቀብሎ ያርሳል፤ በምትኩ አዛውንቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያበላል፣ ያለብሳል፣ ሲታመሙ ያስታምማል፣ ሲሞቱ ይቀብራል፣ ተዝካራቸውን ያወጣል። ውሉ የሚፈጸመው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሽማግሌዎች ፊት ነው። አክስቴ የባላቸውን የወንድም ልጅ ጧሪ አድርገው ያዙ። ጠንካራ አራሽ ነው፤ የማይሰክር፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው ነው። ውሉ ሲፈጸም እኔም ነበርሁና ደስ ብሎኝ እልል አልሁ።

ከዚያ በኋላ አክስቴ መነኮሱ። ቆብ ጭነው ከማርያም ቅጽር በስተጀርባ ወዳለችው ጎጆ ገቡ። እዚያ ከወይራዎቹ ሥር ጎጆዎች ተደርድረው ነበር። በየጎጆው ያረጀ ሰው አለ፤ ለእያንዳንዱም ከመንደር ምግብና ውኃ የሚያመጣለት ጧሪ አለው። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ማርጀት፣ እዚያው መቀበር፣ ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል ሰው? እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከእኛ መንደር እህል ጭኖ ወደ አርብ ገበያ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ባለቤቴ ንብ ስለነበረው ማር በቆረጠ ቁጥር በእነሱ እጅ ለአክስቴ እልካለሁ። ሲመለሱ እጠይቃለሁ።

«አያችኋቸው?»

«ጧሪያቸውን ገበያ አግኝተነው ማሩን ሰጠነው። ደህና ናቸው ብሏል።»

«ሄዳችሁ አላያችኋቸውም?»

«ጾመኛ መነኩሲት ጎጆ ገብተን ምን ልንሠራ?» ይሉኛል እየሳቁ።

ያን ክረምት ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ እኔም አራስ ነበርሁ። መስከረም አልቆ ውኃው ሲጎድል ሕፃኗን አዝዬ ከገበያተኛ ጋር ወጣሁ።

ጧሪያቸው በደስታ ተቀበለኝ። ውኃ ጠጥቼ ሳልጨርስ «ነይ እህቴ፣ ነይ እስቲ ወደ ጓዳ» አለኝ። ጓዳው ውስጥ አፋቸው በጭቃ የታሸገ እንስራዎች ተደርድረዋል። እያንኳኳ አሳየኝ።

«ይኸ አምና የላክሽው ነው። ይኸኛው የዘንድሮው። ጠብታ አልተነካም። ልጆቼ በጣታቸው እንኳ አልቀመሱም።»

«ለምን አልተነካም?»

«ለተዝካራቸው ነዋ!» ገረመው። «ሰንጋውንም ታይዋለሽ፣ ከኋላ ታስሯል። የዚህ አገር ሰው እገሌ ተዝካር አበላን እያለ ያወራል። እስቲ የእኔን ይየው። ያን ጊዜ ጧሪ ማለት እንዲህ ነው ይላል።»

ሰውዬው እውነቱን ነበር። ከሁሉ ያስቆጣኝ ይህ ነው። ሌባ ቢሆን ማሩን ይበላው ነበር፤ እኔም ሌባ ብዬ እከሰው ነበር። እሱ ግን ማሩን ለአክስቴ አስቀምጧል። ያስቀመጠው ለሞቱት አክስቴ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አልሞቱም።

«እሳቸውስ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። በክረምቱ አዳልጧቸው ወድቀው ከመኝታ አይነሡም። ትንሽ ቁስል ቢጤም ወጥቶባቸዋል።»

ተነሣሁ። ሚስቱ በሩ ላይ ቀደመችኝ።

«አይሆንም እቴ! ከመንገድ መጥተሽ፣ ፀሐይ መቶሽ፣ አራስ ሆነሽ! ጥላሽ ከጣለባቸው ቁስሉ ያመረቅዛል። ውጪ አድረሽ፣ ሰንብተሽ ታያቸዋለሽ።»

ይህን ደንብ እኔም አውቀዋለሁ። ቁስል ያለበት ሰው ይሸፈናል። ከመንገድ የመጣ፣ ከባል ጋር ያደረ፣ አራስ የሆነ ሰው አያየውም፤ ካየው ቁስሉ ይከፋል ይባላል። ልጆቼ ሲገረዙ እኔም መጋረጃ ጋርጃለሁ። ግን ልጅ ሲገረዝ የሚጋረደው ለጥቂት ቀን ነው፤ እናቱም ከመጋረጃው ውስጥ ናት። «እሺ» አልኋትና ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብዬ ወጣሁ።

ከቤቱ ጎን በቅሎዋ ታስራለች። ጀርባዋ ኮርቻ ልጦት ገጣባ ሆኗል። የቤቱ ልጅ በጨው ውኃ እያጠበላት ነበር። ኮርቻም ካልጫኑባት ሰንብቷል፤ እስክትድን ነው። አይቼ አለፍሁ። ያን ጊዜ ምንም አላሰብሁም።

የማርያምን ደጅ ተሳልሜ በቅጽሩ ዞርሁ። ከአክስቴ ጎጆ ቀጥሎ ያለችው ጎጆ ደጃፍ ላይ አንዲት ዓይነ ስውር መነኩሲት ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ።

«ማነሽ? የሕፃን ወተት ሸተተኝ» አሉኝ።

ማን እንደሆንሁ ነገርኋቸው።

«አንቺ ነሽ! ስምሽን ስትጠራ ትውላለች። በይ ግቢያ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጥላ ይጥላል አሉኝ፣ እማሆይ።»

ሳቁ። «እኔንስ ዓይን የላትም፣ ጥላ አትጥልም ብለው አስገቡኝ። አፍንጫ እንዳለኝ ረሱት። እጅም አለኝ። በእጄ ዳስሼ አይቻታለሁ። ልጄ፣ ያቺ ሴት ከታች እየበሰበሰች ነው።»

ምን እንደሚያበሏቸው ጠየቅኋቸው።

«ጽጌን እየጾመች ነው ይላሉ።» ጽጌ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መግቢያ መነኮሳት የሚጾሙት ነው። «እኔም እጾማለሁ። ግን ማታ እበላለሁ፣ ውኃም እጠጣለሁ። ለእሷ ውኃ ይቆጥቡባታል። ብዙ ከጠጣች ብዙ ታርሳለች፤ ብዙ ከበላች ብዙ ትቆሽሻለች ብላ የጧሪዋ ሚስት ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሕፃኗን ከጀርባዬ አውርጄ አሳቀፍኋቸውና የአክስቴን ጎጆ በር ገፋሁ።

መጋረጃ ነበረ፣ ገለጥሁት። ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። እንደገና ገባሁ። አክስቴ መደብ ላይ፣ በቁርበት ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ቁርበቱ ርሷል፤ የራሰውም ዛሬ ወይም ትናንት አልነበረም። እኔን አዝለው ያድሩ የነበሩት ሴትዮ እንደ ልጅ አንሰዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«መጣሽ?» አሉኝ። «ትንሽ ብትቆዪ ለተዝካሬ ትደርሺ ነበር።»

ማልቀስ ፈለግሁ። እሳቸው ግን ውኃ ነበር የፈለጉት። ቅሉ ባዶ ነበር። ከጎረቤታቸው ውኃ አምጥቼ አጠጣኋቸው። ሲጨርሱ «ድገሚኝ» አሉ፤ ከዚያም «ኋላ ይቆጡሻል» አሉ። ውኃ ለመጠጣት የሚፈሩ አሮጊት አየሁ፤ በክርስቲያን አገር፣ በማርያም ቅጽር ሥር።

ቀስ ብዬ በጎናቸው አዞርኋቸው። ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም። ከወገባቸው በታች ሥጋቸው ተከፍቶ ትል ነበረበት። ትንሽ ቁስል ቢጤ የተባልሁት ይህን ነው። ማንም ያላየው ቁስል ነው። ጥላ እንዳይጥልበት ተብሎ ሰው ሁሉ ተከልክሎ ትሉ ብቻ ገባ። ያን ጊዜ ነው የበቅሎዋ ጀርባ ትዝ ያለኝ። ገጣባ ሲወጣባት ጭነት ያወርዱላታል፣ ያጥቧታል። ምን እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ ማለት ነው። ለበቅሎ ያውቁታል።

በዓይነ ስውሯ መነኩሲት ምድጃ ውኃ አፍልቼ ጨው ጨመርሁበት። እያቃሰቱ አጠብኋቸው። ቁርበቱን አውጥቼ ጣልሁና የገብስ ገለባ ጎዝጉዤ፣ የራሴን ጋቢ አንጥፌ በጎናቸው አስተኛኋቸው። የቁስሉን መሸፈኛ ለማግኘት አርብ ገበያ ወረድሁ። አንዲት የሙስሊም ነጋዴ ሚስት ለምን እንደምፈልገው ስነግራት ከአዲስ አቡጀዲ ቀድዳ በእጄ አስያዘችኝ፤ ዋጋ አልቀበልም አለች። «እኔም እናት አለችኝ» አለችኝ። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሣታለሁ።

ስመለስ ጧሪያቸው ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሚስቱ ነግራዋለች።

«ምን ሆነሽ ነው እህቴ? ደንብ የለም?»

«ንፋስ መውጫ ከተማ ቁስል የሚያክም ድሬሰር አለ ይላሉ። በቃሬዛ እንውሰዳቸው» አልሁት።

«ማን ይሸከማል? አዝመራ ነው። ሰው ዝንጀሮ እየጠበቀ ነው።»

«ቢሞቱስ ማን ይሸከማቸዋል?»

«እሱማ አገር ይወጣል!»

በዚህም እውነቱን ነው። የሞተ ሰው ለመሸከም አገር ይወጣል፤ ትከሻ ይጣላል። በሕይወት ላለ ሰው አራት ትከሻ ታጣ። ሁለት ቀን መንደሩን ዞርሁ። «እግዜር ይማራት» አሉኝ ሁሉም፤ ማንም ሥራውን ትቶ አልተነሣም።

እንግዲህ ያለኝ ማሩ ብቻ ነው። ማር ቁስል እንደሚያደርቅ፣ ለደከመ ሰውም ብርታት እንደሚሆን እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። እንስራውን ልክፈት ስል ጧሪው በእጁ አልያዘኝም፤ እጁን ዘርግቶ ከእንስራው ፊት ቆመ እንጂ።

«የተዝካር ማር ነው! ብትፈልጊ እኔን ግደይኝ። አገር ምን ይለኛል? ተዝካሯን በልቶ ጨረሰው፣ ጧሪ ሳይሆን ጦረኛ ነው ይለኛል!»

«ማሩን የላክሁት እኔ ነኝ።»

«የላክሽው ለእሳቸው ነው። የእሳቸውን ነገር ደግሞ እሳቸውን ጠይቂ።»

ሄጄ ጠየቅኋቸው። ይሰጡኛል ብዬ ነበር። አክስቴ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«የተዝካሬን ማር እንዳትነኪብኝ፣ ልጄ። ሥጋዬስ አለቀ። ነፍሴን ምን ይቀበላታል?»

«ቁስሉ ይገድልዎታል።»

«ይግደለኝ። ልጅ የለኝ፣ የሚያስበኝ የለኝ። ያቺ ተዝካር ብቻ ናት ያለችኝ።»

ጧሪው ብቻ ቢሆን እጣላው ነበር። ከአክስቴ እምነት ጋር ግን እንዴት እጣላለሁ? እምነታቸው እምነቴ ነው። እኔም ተዝካር እወዳለሁ፤ ለሙታን መታሰቢያ ማድረግ መልካም ነው። የሚያቃጥለኝ ግን ይህን መልካም ነገር ሰው መሬት ለመያዝና ስም ለማትረፍ ሲያደርገው፣ አሮጊቷ ደግሞ ለዚያ ስትል ቁስሏን ታቅፋ ስትሞት ማየት ነው። ማን አስተማራቸው? ተዝካር የሚበላው ሁሉ አስተምሯቸዋል። ሁላችንም ተዝካር ስንበላ «እንዴት ያለ ጧሪ ነው!» እንላለን፤ ሟቹ በምን አኳኋን እንደሞተ የሚጠይቅ የለም።

ወደ ንስሐ አባታቸው ሄድሁ። ቤተ ልሔም ጉባኤ ገብተው ድጓ የተማሩ፣ የተከበሩ ካህን ናቸው። ከቅዳሴ ሲወጡ ከደጀ ሰላሙ በር ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«አባቴ፣ አክስቴን መቼ አዩዋቸው?»

«በየወሩ አናዝዛቸዋለሁ።»

«ገብተው?»

«ከደጅ ሆኜ። ታውቂያለሽ፣ ቁስለኛ ናቸው።»

«የካህን ጥላም ይጥላል?»

«የካህን ጥላ እንኳ አይጥልም» አሉ።

«እንግዲያ ይግቡልኝ።»

«ልጄ፣ ቁጣሽ ብዙ ነው።»

«ብዙ ነው፣ አባቴ። እርስዎም ቢያዩ ይቆጣሉ። ካላዩ ግን እንዴት ብለው ይፈቷቸዋል?»

ለካህን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ግን አልገሠጹኝም። መስቀላቸውን ይዘው ከፊቴ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ጨርቁን ገልጬ አሳየኋቸው። እየታጠበ ሰንብቶ እንኳ የሚያስፈራ ነበር። ካህኑ ወጡና ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሻሻቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

«እኔ በየወሩ ኃጢአታቸውን እጠይቃቸዋለሁ» አሉ። «እሳቸው ስለ እኛ ኃጢአት ምንም አልነገሩኝም።»

ያን ጊዜ የመጣልኝን ተናገርሁ። «አባቴ፣ ሰው በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ የለም?»

ቀና ብለው አዩኝ። የቁም ተዝካር በአገራችን የታወቀ ነው። ልጅ የሌለው፣ ወይም ወራሹን የማያምን ሰው ሳይሞት ለድኻ አብልቶ ተዝካሩን ያወጣል፤ ሲሞት ሌላ አይጠየቅለትም።

«አለ» አሉ። ተመልሰው ገቡ። እኔም ከኋላ ገባሁ።

«እማሆይ፣ ተዝካርዎን በቁምዎ ያውጡ።»

አክስቴ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። «ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«የሞትሁ ያህል?»

«ሞተው ከሚወጣልዎ ይልቅ በቁም የሚያወጡትን ራስዎ ያውቁታል። ድኻውን ራስዎ ያበላሉ።»

«ማሩን ብቀምስስ?»

«እርስዎም ድኻ ነዎት፣ እማሆይ። ሲቀምሱ አያለሁ። ጽጌውንም ፈትቼዎታለሁ።»

አክስቴ አሰቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ያን ስስታም ጥሪልኝ» አሉ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ጧሪው ግን በዋዛ አልተመለሰም። ሽማግሌ ሰበሰበ። እሑድ ከወይራው ሥር ተቀመጥን። «ውሌ መቅበርና ተዝካር ማውጣት ነው። ተዝካሩን በቁም ካወጡት እኔ ምን ሠርቼ ስም ላግኝ?» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። አንድ ሽማግሌም «እውነቱን ነው፣ ሰንጋ አስሮ ሲቀልብ ከርሟል» ብለው ደገፉት።

ሴት በሸንጎ ብዙ አትናገርም። እኔ ግን ውሉ ሲፈጸም እዚያው ነበርሁ። «የማለበትን ቃል አስታውሱት» አልሁ። «መጀመሪያ የተጠራው ማብላት ነው። ቀጥሎ ማልበስ። ቀጥሎ ማስታመም። መቅበር ከእነዚህ ኋላ ነው። የፊቱን ሳይሠራ የኋላውን አዘጋጅቷል። ካላመናችሁኝ ገብታችሁ ጀርባቸውን እዩ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሊገባ የተነሣ አልነበረም። ካህኑ ግን ከመካከል ቆመው «እኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ለንጉሥም እናገራለሁ» አሉ። በዚህ ነገሩ አለቀ።

እንስራዎቹ ተከፈቱ። ጾም ስለነበረ ሰንጋው ተረፈ፤ ዳቦ ተጋገረ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ማር ተበጠበጠ። በየጎጆው ያሉት አዛውንት እየተደገፉ፣ አንዳንዶቹም በሰው እየታዘሉ መጡ። አክስቴን በገለባ አልጋቸው ደጃፍ አወጣናቸውና በጎናቸው ተኝተው የተዝካራቸውን ሕዝብ አዩ። ካህኑ ፍትሐቱን ሲያደርሱ አክስቴ በየመሐሉ አሜን ይላሉ። ዓይነ ስውሯ ጎረቤታቸው ዳቦውን እያላመጡ «ነፍስ ይማር!» ሲሏቸው «አንቺንም ይማርሽ፣ ቀስ ብለሽ ብዪ፣ ትታነቂና ሁለተኛ ተዝካር ታስወጪናለሽ» አሏቸው።

የተረፈውን ማር ለራሳቸው አስቀረሁት። ጠዋት ጠዋት ቁስሉን በጨው ውኃ አጥቤ ማር ቀብቼ በአቡጀዲው እሸፍነዋለሁ። ከአንድ ጎን ወደ ሌላው አዞራቸዋለሁ። ገለባውን እቀይራለሁ። ውኃ ሲሹ አጠጣለሁ። ይኸው ነው። ሌላ ጥበብ የለውም። ይህን ማንም ይችለዋል፤ ለዚህም ነው ቁጣዬ ያልበረደልኝ። ከባድ ቢሆን ይቅር እል ነበር።

ባለቤቴ በገበያተኛ «ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፣ እናትሽን አስታምሚ» ብሎ ላከብኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። ጎረቤት የሚያስቅ ብዙ የሴት ሥራ ሠርቷል በእነዚያ ወራት፤ አንድም ቀን አላነሣብኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ ካህኑ ከጎጆ ወደ ጎጆ እየገቡ ማየት ጀመሩ። ከዳር ባለችው ጎጆ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የእሳቸውም እንደ አክስቴ ነበር፣ የባሰ እንጂ ያነሰ አልነበረም። ትኩሳት ይዟቸው ሰው አይለዩም። አጠብናቸው፣ አዞርናቸው። አልተረፉም። ጧሪያቸው ግን ሀብታም ነበርና ገና አልፎ ጾም ሲፈታ ተዝካራቸው አገር ጠራ። ሁለት በሬ ታረደ። ጠጁ እንደ ውኃ ፈሰሰ። እኔንም ጠሩኝ፣ ሄድሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እየበላች «መታደል ነው፣ እንዲህ ያለ ጧሪ ይስጥ እንጂ!» አለችኝ። ጀርባቸውን በእጄ አጥቤ ነበር። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ባለጌ አሉኝ። ይበሉኝ።

የአክስቴ ቁስል ለገና ጠበበ፣ ለጾም መያዣ ደረቀ። መቆም አልቻሉም፣ ዳሌያቸው አልተጠገነም። ግን እየተደገፉ ደጃፍ ይቀመጡ፣ ከጎረቤታቸው ጋር ይነታረኩ ነበር። ወደ ቤቴ ከመመለሴ በፊት የጧሪውን ሚስት አስቀምጬ እንዴት እንደማዞራቸው አሳየኋት። በግድ ነው የመጣችው። አፍንጫዋን ይዛ ተማረች። ካህኑም በየሰንበቱ ገብተው እንደሚያዩ ስለምታውቅ ሥራዋን አልተወችም። ፍቅር ነው አልልም። ሥራው ግን ተሠራ፤ እኔም የፈለግሁት እሱን ነው።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ። የሞቱት በሌላ ነው፣ በሳል፣ በጥር ብርድ። ሞታቸውን ስሰማ ልጠይቃቸው መንገድ ላይ ነበርሁና ለቀብር ደረስሁ። እኔና የጧሪው ሚስት በሩን ዘግተን ልንገንዛቸው አጠብናቸው። ወንዶቹ ውጭ ናቸው። አንዱ ሽማግሌ ከደጅ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አርባቸው በጾም ላይ ሊውል ነው። ተዝካሩ እንዴት ሊሆን ነው?»

«ተዝካራቸውን ራሳቸው በልተውታል!» አልሁ በበሩ ቀዳዳ።

«እሱማ ነበር። ግን ሰው ምን ይላል? ጭራሽ ሳይታረድ?»

ጧሪው ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ቁስሉን የጠየቀ አልነበረም፤ እንዴት እንደኖሩ፣ እንዴት እንደሞቱ የጠየቀ አልነበረም። ይህ ሁሉ ሆኖ የሚጠይቁት ያንኑ ነው።

አክስቴን በጎናቸው አዞርናቸው። የጧሪው ሚስት ውኃውን አፍስሳ እጇን በጀርባቸው አሳለፈች። ያ ሁሉ ቁስል የነበረበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ ደርቋል፤ ከጠባሳው በቀር ቆዳው ደህና ነው። እጇን እዚያው አቆመች።

«እንዲህ ይድናል ለካ» አለች።

መግነዙን አቀብዪኝ አልኋት።